ሁለት ድስት፣ አንድ ጭልፋ

ዘውዴ እንጨት መፍለጥ ያውቃል፤ ሽንኩርት ማልማት ያውቃል፤ ኩንታል በትከሻው ተሸክሞ አይሱዙ ላይ መወርወር ያውቃል። የማያውቀው ነገር ቢኖር በሰው ፊት መናገር ነው። ሰው ሰብሰብ ካለ ምላሱ ከላንቃው ጋር ትጣበቃለች። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ሙቀቱም ገበያውም ሰውን የሚያናግር ከተማ ነው፤ ዝምተኛ አይወጣበትም። ስለዚህ አብረውት የሚጭኑት ልጆች «ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ» ብለው ስም አውጥተውለታል። እሱ ይስቃል እንጂ አይመልስላቸውም።

ይህ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ማህሌትን ይወዳል። ማህሌትም ትወደዋለች። የሚገርመው የእሷ ነው፤ ምክንያቱም ማህሌት በአውራ ጎዳናው ዳር ባለ ፎቅ ሆቴል ያላቸው የእትዬ ጌጤ ልጅ ናት። እትዬ ጌጤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሆቴሉንም ልጃቸውንም ብቻቸውን ያቆሙ፣ ሰው ሲያዩ ከጫማው የሚጀምሩ ሴት ናቸው። ዘውዴ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ፣ በሮቢ ወንዝ ዳር ባለች ቁራሽ መሬት ሽንኩርት የሚያለማ፣ በገበያ ቀን የሰው ጭነት የሚጭን ጎልማሳ ነው።

ያገናኛቸው የቤተ ክርስቲያኑ የእሑድ ምገባ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው አዳራሽ ውስጥ ከቀያቸው የተፈናቀሉ፣ ጧሪ ያጡ አዛውንቶች፣ መንገድ ዳር የሚያድሩ ሁሉ ተሰብስበው ይመገባሉ። ክርስቲያን ነህ ሙስሊም ነህ የሚል የለም። በጎ ፈቃደኞቹ ሥራ ሲከፋፈሉ ማህሌት እንጀራ አቅራቢ፣ ዘውዴ ወጥ ቀጂ ሆኑ። እንጀራ ያለ ወጥ አይሄድምና፣ እሷ ትሪዋን ይዛ በመጣች ቁጥር ከእሱ ፊት መቆም ነበረባት። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

የዚያን እሑድ ማለዳ ዘውዴ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሽንኩርት ሲልጥ፣ ማህሌት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ መጣችና ፊት ለፊቱ ቆመች። ተቀመጪ ቢላት አልተቀመጠችም።

«ነገ ጠዋት ደሴ ልሄድ ነው» አለችው።

ቢላው ባለበት ቆመ። «ለጥየቃ?»

«ለሥራ። አክስቴ አግኝታልኛለች። እናቴ ትኬቱን ቆርጣ ጨርሳለች።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«የሚያስቀረኝ ነገር ካለ ጭራሽ አልሄድም።» ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም። «ዘውዴ፣ የሚያስቀረኝ ነገር አለ?»

አለ፣ ሊላት አፉን ከፈተ። ልክ ያኔ ሁለት በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ውኃ በጄሪካን ይዘው በአጠገባቸው አለፉ። ዘውዴ አንገቱን ሰበረና ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ።

«ይኸው!» አለች ማህሌት። «ሁለት ሴት አለፈና አፍህ ተዘጋ። ስልክህ ግን ማታ ማታ እንዴት ያለ ነገር ይጽፍልኛል! አንድ ፊደል አይስት፣ አራት ነጥብ አይረሳ። ቀን ሲሆን ባለቤቱ አያውቀኝም። እኔ ስልክ ላገባ ነው እንዴ?»

«አያውቀኝም አትበይ።»

«ባለፈው የገበያ ቀን ከሽንኩርት ጆንያ ጀርባ የተደበቀው ማን ነው? እናቴን 'የማስተዋውቅሽ ሰው አለ' ብዬ ልቤ እየመታ ይዣት መጣሁ። አንተ እኔን ስታይ ጎንበስ አልክ። ይኼ ሰው በኔ ያፍራል አልኩ።»

«በራሴ ነው ያፈርኩት» አለ ዘውዴ ቀስ ብሎ። «ሸሚዜ ከጀርባው ተቀዶ ነበር።»

ማህሌት ይህን ሁሉ ቀን የተኮራረፈችው ከአንድ ቀዳዳ ሸሚዝ ጋር ኖሯል። ሳቅም ልቅሶም ቃጣት፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

«ዛሬ እናቴ ትመጣለች» አለችው። «በሬውንም ፍየሎቹንም የሰጠችው እሷ ናት። ሰው በልቶ ሳይበተን ሂድና ማን እንደሆንክ ንገራት። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ካልነገርካት ግን እሄዳለሁ፤ አንተም ከዚህ በኋላ አትጻፍልኝ።»

ጥላው ሥር ብቻውን ትታው ሄደች። ዘውዴ ፈራ። ከፍርሃቱ ሥር ግን ደስ የሚል ነገር አገኘ፤ ማህሌት ተስፋ ያልቆረጠችበት ሰው ነበር።

በጾም ወራት የምገባው ድስት አንድ ነው። ምስርና ሽሮ ሃይማኖት አይለዩም፤ ለሁሉም ከአንዱ ይቀዳል። ፋሲካ አልፎ ሥጋ ሲሠራ ግን ድስቱ ሁለት ይሆናል። የዚህ አካባቢ፣ የይፋት ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ በሠርጉም በድግሱም የኖረበት ነው። በስመ አብ ተብሎ የታረደውን ክርስቲያኑ ይበላል፤ ጋሼ ቃሲም ቢስሚላህ ብለው ያረዱትን ሙስሊሙ ይበላል። ቢላውም፣ ትሪውም፣ ጭልፋውም ለየብቻ ነው። ጭልፋ ከተሳሳተ ያ ድስት የማንም አይሆንም፤ ይኼኛውም አይበላው፣ ያኛውም አይበላው።

የሙስሊሞቹን ድስት የሚጠብቁት እትዬ ሐጂራ ናቸው። ገበያ ላይ በርበሬ ይሸጣሉ፤ ምላሳቸውም ከሸቀጣቸው አይለይም።

«ዘውዴ፣ ያንተ በሬ አሁንም አልበሰለም? የኔ ፍየል እኮ በስሎ ሰላምታ እያቀረበ ነው!»

«ሊደርስ ነው፣ እትዬ ሐጂራ።»

«ወይ ጉድ፣ ተናገረ! ቃሲም፣ ሰማህ? ልጁ ተናገረ!»

«ሁልጊዜም ይናገር ይሆናል» አሉ ጋሼ ቃሲም ቢላቸውን እያጠቡ። «አንቺ መቼ ክፍተት ሰጥተሽ ሰማሽው?»

እትዬ ጌጤ በጃንጥላ ተጠልለው ደረሱ። ድስቱን አዩ፣ አዳራሹን አዩ፣ የዘውዴን ጫማ አዩ። «አንተ ልጅ፣ እሳቱን ቀንስ፤ ወጡ ያራል» ብለውት አለፉ። ዘውዴ እሳቱን ቀነሰ። የልቡን ግን መቀነስ አልቻለም።

አዳራሹ ሲሞላ ውስጥ በምንጣፍ ቦታ ሰበብ ግርግር ተነሣ። እትዬ ሐጂራ ጭልፋቸውን ድስታቸው አፍ ላይ አጋድመው «ዘውዴ፣ ድስቴን እይልኝ፤ አንተን ነው የማምነው» አሉና ሊያስታርቁ ገቡ።

ዘውዴ በሁለቱ ድስቶች መካከል ቆመ። በግራው በሬ፣ በቀኙ ፍየል። በእጁ ደግሞ የበሬው ጭልፋ። ያኔ ማህሌት ከአዳራሹ በር ላይ ብቅ አለች፤ እናቷ ከጎኗ ናቸው። ማህሌት ትሪዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ቅንድቧ ከፍ አለ፤ አሁን፣ አለችው በዓይኗ። ና፣ አሁን ናት ጊዜዋ። ፊቷ ላይ ልመናም ትእዛዝም ነበረበት፤ ከሁለቱም በላይ ግን እምነት ነበረበት። ዘውዴ እንዲህ ታይቶ አያውቅም። ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ አንዱን ጭልፋ ቀድቶ ለመጨረስ እጁን ሰደደ፤ ቀዳ፤ አነሣ።

ጭልፋው ይዞት የወጣው ቀጭን የፍየል ጎድን ነበር።

ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። ማንም አላየውም። ማህሌት ያየችው ፊቱን እንጂ እጁን አይደለም። ጎድኑን መልሶ፣ ጭልፋውን አጥቦ፣ ዝም ቢል እስከ ዕለተ ሞቱ የሚያውቅበት አይኖርም። እትዬ ጌጤም በሩ ላይ ቆመዋል። በዚህ ቀን፣ በዚህች ሰዓት፣ «ድግስዎን አበላሸሁብዎት» ብሎ ነው «ልጅዎን ይስጡኝ» የሚለው? አንድ ጭልፋ ምን ያደርጋል፣ አለው ልቡ።

በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ድምፅ አሰሙ። «ልጄ፣ ያ ድስት የሐጂራ ነው አይደል? ከቀዬዬ ከወጣሁ ወዲህ ሥጋ አልቀመስኩም። በሰው እጅ መታመን ከበደኝ። የሐጂራ ድስት ነው ሲሉኝ ነው የመጣሁት።»

ብርቱካን የምትባለው በጎ ፈቃደኛ ለሙስሊሞቹ ልታቀርብ ባልዲዋን ይዛ መጣች። የእትዬ ሐጂራን ጭልፋ አነሣች።

«እንዳትነኪው!»

ድምፁ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ግድግዳ መታ። የማን እንደሆነ ራሱ ዘውዴም ለአፍታ አላወቀውም። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እትዬ ሐጂራ ነጠላቸውን እየጎተቱ ወጡ።

«ምን ሆነ?»

«የኔን ጭልፋ ከድስትዎ ጨመርኩት» አለ ዘውዴ። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ አድርጎ ተናገረ፤ ቀስ ብሎ የሚነገር ነገር አልነበረም። «በስህተት ነው፣ እትዬ። ግን ጨምሬዋለሁ። ሊበላ አይችልም።»

«ያ ረቢ!» እትዬ ሐጂራ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «አንተን አምኜ! አንተን!»

ይህች ቃል ከስድብ ሁሉ ባሰችበት። እትዬ ጌጤም ጃንጥላቸውን እንደ በትር ጨብጠው ደረሱ።

«ድስት ሙሉ ሥጋ! ይኼ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ እየጠበቀ! አንዱ በግራህ፣ አንዱ በቀኝህ ተጥዷል፤ ሕፃን እንኳ አይስተውም። ዓይንህ የት ነበር አንተ?»

ጭስ ገባብኝ ማለት ይችል ነበር። ፀሐይ ነው፣ ድካም ነው፣ ማለት ይችል ነበር። እውነት ግን እንደ ቁልቁለት ናት፤ አንዴ ከጀመሯት መሐል ላይ መቆሚያ የላትም።

«ማህሌት ላይ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ዓይኔ ማህሌት ላይ ነበር፣ እትዬ ጌጤ። ልጅዎ ላይ። ሁልጊዜም የሚውለው እዚያው ነው።»

ከዚያ ከአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው «እሰይ! ከወጡ የበለጠ የሞቀ መጣ!» አለና ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ሐጂራ ሐዘናቸው ላይ እንዳሉ ሳቅ አመለጣቸው፤ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ያዙ። እትዬ ጌጤ ቃል ጠፋቸው፤ በከተማው ውስጥ ይህን አይቻለሁ የሚል ሰው አልነበረም።

ማህሌት ግን አልሳቀችም። ትሪዋን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። መራመድ ጀመረች፤ ከዚያ ሮጠች፤ ከግቢው በር ወጥታ ተሰወረች።

ዘውዴ ከኋላዋ አየ። መናገር አይችልም ተብሎ የታማው ሰው ተናግሮ፣ በተናገረበት አፍ የሚወዳትን በሕዝብ ፊት አዋረዳት። ጭልፋው በእጁ ከበደው፤ እንደዚያን ቀን ያለ ክብደት በትከሻውም ተሸክሞ አያውቅም።

ጋሼ ቃሲም ወደ ድስቱ ተጠጉ። ጎንበስ ብለው አዩት፤ ከዚያ ዘውዴን አዩት። «መሳሳት የሰው ነው» አሉ። «ደብቀህ ብታበላን ግን ስህተት አልለውም ነበር። አብሽር።» ወደ እንግዶቹም ዞረው «ወገኖቼ፣ ሌላ እስኪሠራ እንታገሣለን» አሉ።

«ከረሃብ ጋር ስንኖር ከርመናል» አሉ በር ላይ ያሉት አሮጊት፤ «ለአንድ ሰዓት ብለን አንጣላውም።»

እትዬ ጌጤ ነገሩን ለማለስለስ ወደ ክርስቲያኖቹ ረድፍ ዞሩ። «እናንተ ብሉ፤ የእናንተው ይቀዘቅዛል።» አንድ ሽማግሌ እንጀራቸውን ወደ ፊት ገፉት። «ጎረቤቴ ባዶ እጁን ተቀምጦ ለኔ አይወርድልኝም።» ከጎናቸው ያለው ሰው አፉ ሞልቶ ነበር። በድንጋጤ ዋጠና «እኔ... ጨው እንዳለው ልይ ብዬ ነው» አለ። ሳቁ እንደገና ተነሣ።

ዘውዴና ጋሼ ቃሲም የተበላሸውን ድስት ከአዳራሹ ጀርባ ወስደው ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ይህን ያህል ሥጋ አፈር ሲለብስ ሁለቱም ቀና ብለው አልተያዩም። ሲመለሱ አንድ ባጃጅ ጥሩንባዋን እያንባረቀች ግቢው ውስጥ ገባች። ከውስጧ ማህሌት ወረደች። ግማሽ ጆንያ የምስር ክክ ትከሻዋ ላይ ነው፤ የበዓል ቀሚሷ ዱቄትና አቧራ ጠጥቷል። ሸክም አያያዝ ስለማታውቅ ወደ አንድ ጎን ተጣማለች። ማንንም አላስጠጋችም፤ እናቷ ፊት ድረስ ተሸክማ ሄዳ አወረደችው።

«ከመጋዘናችን ነው የወሰድኩት፣ እማዬ።»

«ማንን አስፈቅደሽ?»

«ማንንም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።» ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው፤ ፊቷ ግን ተገልጧል። «እሱ አየኝ፤ በዓይኔ የጠራሁት ግን እኔ ነኝ። እንዲመጣና እንዲያናግርሽ እየጠራሁት ነበር። እኔ ባልጠራው ጭልፋው አይስትም ነበር።»

ዘውዴ ይህን ሲሰማ ግንቦትን ሙሉ ያልነፈሰ ነፋስ ደረቱ ውስጥ ነፈሰ።

«በሉ፣ ሠርጉ ይቆየን፤ ሰው ርቦታል!» እትዬ ሐጂራ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «አንተ ሽንኩርት! አንቺ ምስሩን እጠቢ! እሳቱን የሚያነድ ማን ነው? ጭልፋውን ግን እኔ ነኝ የምይዘው፤ ሁለታችሁም እንዳትጠጉኝ!»

ጎን ለጎን ተቀመጡ። የእሱ ቢላ ቶሎ ቶሎ ይላል፤ የእሷ ጣቶች ውኃው ውስጥ ምስሩን ያሻሉ።

«አዋረድኩሽ ብዬ ነበር» አላት።

«አፍሬያለሁ። እስከ ጆሮዬ ድረስ» አለችው ሳታየው። «ደግሞ ደስ ይላል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ማፈር አላውቅም።»

ያን ቀን ምስሩ ሲደርስ፣ ክርስቲያኖቹም «ለኛም ከዚያ ጣል አድርጉልን» እያሉ ትሪያቸውን ዘረጉ። ዘውዴ እየተመላለሰ አደለ። እትዬ ሐጂራ በአጠገባቸው ሲያልፍ ጆሮውን ያዝ አድርገው ለቀቁት፤ ይቅርታቸው ያቺ ነበረች።

ሰው በልቶ መርቆ ከተነሣ በኋላ እትዬ ጌጤ ከኒሙ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው በመሐረባቸው ይናፈሱ ነበር። ዘውዴ እጁን ታጠበ። ሄደ። ፊታቸው ቆመ። እንደ ማለዳው ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመርጥ ነበር፤ አሁን ግን ከዚህ የከበደውን ተናግሮ በሕይወት ተርፏል።

«እትዬ ጌጤ፣ ዘውዴ እባላለሁ። ሽንኩርት አለማለሁ፤ በገበያ ቀን እጭናለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ልጅዎን እወዳታለሁ። ፈቃድዎ ከሆነ ላገባት...»

«በል ዝም በል!» እትዬ ጌጤ መሐረባቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉ። «ዛሬስ አበዛኸው። እንዲህ ያለ ነገር በገዛ አፍ ይነገራል? ራሱን ሽማግሌ አድርጎ የሚልክ ሙሽራ የት አይተሃል? ሰው የለህም እንዴ?»

ዘውዴ አባቱን ከቀበረ ቆይቷል። የለኝም ሊል ነበር።

«ሰው አለው» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ። ጋሼ ቃሲም ናቸው።

«ጋሼ ቃሲም፣ አንቱ ደግሞ!»

«ድግሱ የተበላሸበት ሰው ካልመሰከረለት ማን ይመስክርለት? ማንም ሳያየው የሠራውን ለሁሉ ሰው የሚናገር ልጅ ነው። እኔ ሴት ልጅ ቢኖረኝ ከዚህ ሌላ ዋስ አልጠራም ነበር፣ ወላሂ።»

እትዬ ጌጤ መናፈሳቸውን ቀጠሉ። «እሺ አላልኩም።»

«እኛም ገና አልመጣንም።»

«ልጅቷ ነገ ጠዋት መንገደኛ ናት።»

«እንግዲያ ዛሬ ማታ እንመጣለና!»

«ሽማግሌ ባጃጅ ነው እንዴ በጠሩት ሰዓት የሚከንፈው? በወጉ ነው የሚመጣው። ተነግሮ፣ ቀን ተቆርጦ።»

«በወጉ ከሆነማ» አሉ እትዬ ሐጂራ ትሪ እያለቀለቁ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፤ «ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ከቤቷ መገኘት አለባት። ደሴ ላለች ልጅ ሸዋ ሮቢት ላይ በር አይንኳኳም።»

እትዬ ጌጤ እሳቸውን አዩ፤ ጋሼ ቃሲምን አዩ። መጨረሻ ላይ ዘውዴን አዩት፤ በዚህ ጊዜ የጀመሩት ከፊቱ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነሥተው ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

«ማህሌት! ለአክስትሽ ደውዪ። እዚህ ሥራ ገጥሞኛል በያት።»

«ምን ሥራ ልበላት፣ እማዬ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉና ወደ በሩ አመሩ። አረማመዳቸው የተቆጣ ሰው አረማመድ ነበር፤ ጃንጥላው ግን በትከሻቸው ላይ ቀስ እያለ ይሽከረከር ነበር።

ማህሌት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «ሄሎ አክስቴ... አይ፣ ደህና ነን... ነገ አልመጣም።» የምታወራው ስለ ሥራ ነው፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ወዲያ ማዶ ያለችው አክስት እንኳ ሳትጠረጥር አልቀረችም። ዘውዴ እርጥብ እጁን እንደዘረጋ ቆሞ አዳመጣት። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እያየው እንደሆነ ያውቃል። ይዩ፣ አለ በልቡ። ውስጡ ዘመኑን ሙሉ ቁጢጥ ብሎ የኖረው ፍርሃት ተነሥቶ ሲወጣ ተሰማው። በቦታው የገባው ሞቅ ያለና ሰፊ ነገር ነበር፤ ዘውዴም ስም ሊያወጣለት አልቸኮለም፤ ዝም ብሎ ጠገበው።